ላፍካዲዮ ኸርን፥ ጃፓንን አገሩ ያደረገው መንገደኛ

ሩቅ አገር ሄዶ ማየት የብዙ ሰው ምኞት ነው። መንገደኛ ወደ ባዕድ አገር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ነገር ሁሉ ያስደንቀዋል፤ የቤቱ አሠራር፥ የሰዉ አለባበስ፥ የገበያው ድምፅ፥ የምግቡ ጣዕም አዲስ ስለሚሆንበት ልቡ ቶሎ ይማረካል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍቅር አብዛኛውን ጊዜ ከመንገደኛው ሻንጣ ጋር ተጭኖ ይመለሳል። አገሩን ከወደደ በኋላ ጒድለቱንም አይቶ፥ ክረምቱንም በሕመም አሳልፎ፥ የሕዝቡንም ሸክም ተካፍሎ ጸንቶ የሚኖር ጥቂት ነው። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ላፍካዲዮ ኸርን የተባለው ደራሲ ነው።

የጃፓንን ነገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ያን አገር ጐብኝተው ከተመለሱ በኋላ፥ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ለኢትዮጵያ አንባቢ አስተዋውቀዋል። ኸርን ወደ ጃፓን የገባው ከእሳቸው 41 ዓመት ቀድሞ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ላፍካዲዮ ኸርን ጁን 27 ቀን 1850 ሌፍካዳ በተባለችው የግሪክ ደሴት ተወለደ። ደሴቲቱ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች። አባቱ ቻርልስ ኸርን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በሐኪምነት የሚያገለግል የአየርላንድ ሰው ሲሆን፥ እናቱ ሮዛ ካሲማቲ የኪቲራ ደሴት ተወላጅ ግሪካዊት ነበረች። ሕፃኑ በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ክርስትና ተነሣ፤ ላፍካዲዮ የተባለው ስሙም ከትውልድ ደሴቱ ስም የወጣ ነው።

ሁለት ዓመት ሲሆነው እናቱ ይዛው ወደ አባቱ አገር ወደ ደብሊን ሄደች። ፀሐይ ካልተለያት ደሴት የመጣችው ሮዛ ቋንቋውን አታውቅም፤ ብርዱና ጭጋጉም ኑሮዋን መራራ አደረገባት። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ወደ ግሪክ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አልተያዩም። አባቱም ጋብቻውን አፍርሶ ሌላ ሚስት አግብቶ ወደ ህንድ ሄደ። እናትም አባትም በሕይወት ሳሉ ልጁ እንደ ሙት ልጅ ሆኖ በአንዲት ሀብታም የአባቱ አክስት ቤት አደገ።

በኋላም በእንግሊዝ አገር በደርሃም አጠገብ ወደሚገኝ የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያም በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የተቋጠረ ገመድ ግራ ዐይኑን መታውና አጠፋው። ቀኝ ዐይኑም ቢሆን ከቅርብ በቀር አጥርቶ የማያይ ደካማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመልኩ እያፈረ፥ ፎቶግራፍ ሲነሣ የጠፋው ዐይኑ እንዳይታይ ፊቱን ያዞር ነበር። ብዙም ሳይቈይ አሳዳጊው ሴት ገንዘቧን በሙሉ አጣች፤ እሱም ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በ1869፥ በ19 ዓመቱ፥ የመርከብ ዋጋ ተከፍሎለት ብቻውን ወደ አሜሪካ ተላከ።

በሲንሲናቲ ከተማ የጀመረው ኑሮ እጅግ የከፋ ነበር። በጋጣ ውስጥ ያደረበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ ሄንሪ ዋትኪን የተባለ አታሚ አዘነለትና በማተሚያ ቤቱ እንዲያድርና ሙያውን እንዲማር ፈቀደለት። ኸርን ቀን እየሠራ ማታ እያነበበ ብዕሩን አሠለጠነ፤ በ1872ም የጋዜጣ ጸሐፊ ሆነ። ሌሎች ጸሐፊዎች ከባለሥልጣን ደጅ ወሬ ሲለቅሙ፥ እሱ በወንዝ ዳር የሚሠሩትን ጥቁር ወዛደሮች፥ ድኾችንና ስደተኞችን እየተከታተለ ስለ ኑሯቸውና ስለ ዘፈናቸው ይጽፍ ነበር።

በ1874 በባርነት ተወልዳ ነጻ የወጣች አሊቲያ ፎሊ የተባለች ሴት አገባ። የዚያ ግዛት ሕግ በዘመኑ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ይከለክል ስለ ነበረ፥ ነገሩ በታወቀ ጊዜ ከጋዜጣው ሥራ ተባረረ። ሌላ ጋዜጣ ቢቀጥረውም ትዳሩ አልሰነበተም። በ1877 ከተማይቱን ትቶ ወደ ደቡብ፥ ወደ ኒው ኦርሊንስ ወረደ። በዚያ አሥር ዓመት ያህል ሲኖር የክሪዮልን ሕዝብ ምሳሌያዊ አነጋገርና የምግብ አሠራር ሰብስቦ በ1885 በሁለት መጻሕፍት አሳተመ። ሰው የናቀውን የተራ ሰው ንግግር እንደ ወርቅ ማንሣት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልማዱ ሆነ።

የጃፓን ፍቅር የተጠነሰሰውም በዚሁ ከተማ ነው። በ1884 መጨረሻ በኒው ኦርሊንስ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ኸርን ስለ ጃፓን ክፍል ሊጽፍ ሄዶ በዕቃዎቹ ጥበብ እጅግ ተማረከ፤ የክፍሉ ኀላፊ ከነበረው ከሃቶሪ ኢቺዞ ጋርም ተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ማርቲኒክ በተባለችው የካሪብያን ደሴት ሁለት ዓመት ያህል ቢቀመጥም ሐሳቡ ከጃፓን አልራቀም። በመጨረሻም አንድ የኒው ዮርክ አሳታሚ ስለ ጃፓን እንዲጽፍለት ተዋዋለውና ከአንድ ሠዓሊ ጋር ጉዞ ጀመረ።

በዚህ ስፍራ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር እንገልጻለን። ኸርን በማርች 1890 ከካናዳ ከቫንኩቨር ወደብ ተሳፍሮ ሰፊውን የፓሲፊክ ውቅያኖስ የተሻገረባት መርከብ ስሟ አቢሲኒያ ነበር። ፈረንጆች አገራችንን ይጠሩበት በነበረው ስም የተሰየመችው ይህች መርከብ ኤፕሪል 4 ቀን 1890 ዮኮሃማ አደረሰችው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 39 ዓመት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሰው በሚጐትተው ባለ ሁለት መንኰራኵር ጋሪ ተቀምጦ ከመቅደስ ወደ መቅደስ እየተዘዋወረ ዋለ። በየሱቁ በር ላይ የተንጠለጠለው ጽሕፈት ሥዕል መሰለው፤ በሩቅ በረዶ ለብሶ የሚታየው የፉጂ ተራራም አፉን አስከፈተው። ነገር ግን ደስታው ብዙ ሳይቈይ ጭንቀት ተከተለው። አብሮት የመጣው ሠዓሊ ከእሱ የበለጠ እንደሚከፈለው ስላወቀ ተቈጥቶ ከአሳታሚው ጋር የነበረውን ውል አፈረሰ። በማያውቀው አገር፥ ቋንቋውን ሳይናገር፥ ያለ ሥራና ያለ ገንዘብ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን በመጣበት መርከብ በተመለሰ ነበር፤ ኸርን ግን ለመቈየት ቈርጦ ሥራ ፈለገ። በትምህርት ሚኒስቴር የነበረው ሃቶሪና በቶክዮ የሚያስተምረው እንግሊዛዊው ሊቅ ባዚል ሆል ቼምበርሌን ረድተውት፥ ማትሱኤ በምትባል ሩቅ ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት አገኘ።

ማትሱኤ በምዕራብ ጃፓን በሐይቅ ዳር የተሠራች፥ ጥንታዊ ግንብ ያላት ከተማ ናት። ኦገስት 30 ቀን 1890 በገባ ጊዜ የአዲሱ ዘመን ሥልጣኔ ገና ብዙ አልደረሰባትም ነበር። ኸርን ዐይኑ ደካማ ስለ ነበረ ከተማይቱን ያወቃት በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮው ነው። ማለዳ ሩዝ የሚወቀጥበትን የሙቀጫ ድምፅ፥ የመቅደሱን ደወል፥ ሰዎች ለፀሐይ ሰላምታ ሲሰጡ የሚያጨበጭቡትን ጭብጨባ፥ በእንጨት ድልድይ ላይ የሚያልፈውን የእንጨት ጫማ ኰሽታ እየለየ ጻፈ። ከከተማይቱ ብዙም በማይርቀው በታላቁ የኢዙሞ የሺንቶ መቅደስ ወደ ውስጠኛው ክፍል እንዲገባ የተፈቀደለት የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው እሱ ነው።

በትምህርት ቤቱ ምክትል ዲሬክተሩ ኒሺዳ ሴንታሮ የልብ ወዳጁ ሆነ። ተማሪዎቹም ወደዱት። እንግሊዝኛ ድርሰት ሲሰጣቸው ስለ አውሮፓ ነገር ሳይሆን ስለ አገራቸው በዓል፥ ስለ መንደራቸው ልማድና ስለ ሰሙት ተረት እንዲጽፉ ያደርጋቸው ነበር። በዚህም እነሱ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ እሱ ደግሞ ጃፓንን ይማራል።

ይሁን እንጂ የማትሱኤ ክረምት ብርቱ ነው። ቤቱ ከቀጭን እንጨትና ከወረቀት የተሠራ ስለ ሆነ ብርዱ ጠናበትና ታመመ። በዚያ ጊዜ ቤቱን እንድታስተዳድርና እንድታስታምመው ኮይዙሚ ሴትሱ የተባለች የ22 ዓመት ሴት መጣች። ሴትሱ የሳሙራይ፥ ማለት የጦረኛ መኳንንት ልጅ ነበረች። ከ1868 ለውጥ በኋላ ሳሙራዮች ማዕርጋቸውና ደመወዛቸው ስለ ቀረባቸው ቤተ ሰብዋ ደኽይቶ፥ እስዋም በ11 ዓመትዋ ትምህርቷን ትታ በሽመና ሥራ ቤት ታግዝ ነበር። በ1891 ኸርንና ሴትሱ ተጋቡ። አገሩ የት እንደ ሆነ የተጠየቀ ሰው ገና አላገባሁም ብሎ መለሰ የሚባል የአባቶቻችን ተረት አለ፤ የኸርን ኑሮ ይህን ተረት እውነት አደረገው። ከግሪክ፥ ከአየርላንድ፥ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ አንዱም አገሬ ሊለው ያልሆነለት ሰው በሚስቱ በኩል አገር አገኘ።

ነገር ግን አገር ማግኘት ሸክሙንም መቀበል ነው። የሚስቱ ወላጆችና ሽማግሌ ዘመዶች ሁሉ በእሱ ደመወዝ የሚተዳደሩ ሆኑ። ስለዚህና የማትሱኤ ብርድ ስላልተስማማው፥ በኖቬምበር 1891 የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ወደ ኩማሞቶ ተዛወረ። የሄደ ዕለት ተማሪዎቹ ከቤቱ ጀምረው እስከ መርከቡ ድረስ ሸኙት።

በኩማሞቶ የፍቅሩ ፈተና ጀመረ። ከተማይቱ የጦር ሰፈር ያለባት፥ ትምህርት ቤቷም በጡብ የተሠራ ቀዝቃዛ ሕንፃ ነበር። ተማሪዎቹ አዲሱን የአውሮፓ ሳይንስ ለመያዝ የሚቸኵሉ፥ የአያቶቻቸውን ተረት ግን የኋላ ቀር ሰው ወሬ አድርገው የሚቈጥሩ ነበሩ። ኸርን ጃፓን ሁሉ ማትሱኤ እንዳልሆነች ያን ጊዜ ተረዳ፤ ለወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤም የመጀመሪያው ድግምት እንደ ለቀቀው አልሸሸገም። ቢሆንም አገሩን ጥሎ አልሄደም። በ1893 የመጀመሪያ ልጁ ካዙኦ ተወለደ፤ በ1894 ስለ ጃፓን የጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፍ በአሜሪካ ታተመ።

በ1894 ወደ ኮቤ ሄዶ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ጸሐፊ ሆነ፤ ዳሩ ግን የቀረው ዐይኑ ስለ ታመመ ሥራውን ለመተው ተገደደ። በዚህ ጊዜ ትልቅ ጉዳይ አሳሰበው። እሱ የእንግሊዝ ዜጋ እንደ ሆነ ቢሞት ሚስቱና ልጁ ውርስ የማግኘት መብታቸው የሚያጠራጥር ነበር። እነሱን እንግሊዞች ቢያደርጋቸው ደግሞ ከዘመዶቻቸው ይለያያሉ። ስለዚህ እሱ ራሱ ጃፓናዊ ለመሆን ቈረጠ። የጃፓን ዜጋ የሆነ አስተማሪ እንደ ውጭ አገር ሰው ከፍ ያለ ደመወዝ ለመጠየቅ እንደማይችል ያውቃል፤ ቢሆንም ወደ ኋላ አላለም። በ1896 በሚስቱ ቤተ ሰብ ውስጥ በልጅነት ተመዝግቦ ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ። ያኩሞ ማለት ስምንት ደመና ማለት ነው፤ ቃሉ ከኢዙሞ አገር ጋር የተያያዘ በጥንታዊ ቅኔ የሚገኝ ነው።

በዚያው ዓመት በቶክዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ሆነ። ሲያስተምር በዝግታ ስለሚናገር ተማሪዎቹ ቃሉን አንድ በአንድ ይጽፉት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ከ1915 ጀምሮ በመጻሕፍት የታተሙት ትምህርቶቹ ከተማሪዎቹ ደብተር የተገኙ ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ትልቁ ሥራው የተሠራው ግን በቤቱ ውስጥ ነው። ኸርን የጃፓንን ጽሕፈት አጥርቶ ማንበብ አልቻለም፤ ሴትሱም እንግሊዝኛ አታውቅም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሰዋስው የሌለው፥ ለሌላ ሰው የሚያስቅ፥ ለእነሱ ግን የሚበቃ የራሳቸው የሆነ ጃፓንኛ ፈጠሩ። ሴትሱ ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር ጥንታዊ የተረት መጻሕፍት እየፈለገች ታነባለች፤ ማታ መብራቱ ዝቅ ሲል መጽሐፉን ሳትይዝ በራስዋ ቃል ትተርክለታለች። ከመጽሐፉ ላይ እንድታነብለት አይፈቅድም ነበር፤ ታሪኩ በእስዋ ልብ አልፎ እንዲመጣ ይሻል። ሰውዬው እንዴት ባለ ድምፅ ተናገረ፥ ሌሊቱ ምን ይመስል ነበር እያለ ደጋግሞ ይጠይቃታል። ከዚያ በኋላ ለዐይኑ እንዲቀርብለት ከፍ ተደርጎ በተሠራ ጠረጴዛ ላይ፥ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ጐንበስ ብሎ ይጽፋል።

በዚህ ዓይነት ከተጻፉት መጻሕፍት ይበልጥ የታወቀው በ1904 የታተመው ክዋይዳን ነው፤ ትርጓሜው የአስፈሪ ነገር ተረት ማለት ነው። በውስጡ ሆይቺ የተባለ ዐይነ ስውር አዝማሪ ታሪክ አለ። ሆይቺ በጦርነት ስላለቁ መኳንንት ሲዘፍን ሙታኑ ሰምተው ሌሊት ሌሊት እየመጡ ይወስዱት ጀመር። መነኮሳት ሊያድኑት ብለው በገላው ሁሉ ላይ የተቀደሰ ቃል ጻፉበት፤ ነገር ግን ጆሮቹን ረሱ። መንፈሱ በመጣ ጊዜ ከጆሮቹ በቀር የሚታየው ነገር ስላጣ እነሱን ቈርጦ ሄደ፤ ሆይቺም ከሞት ዳነ። ይህን ዓይነቱን ተረት የዘመኑ ወጣቶች ትተውት ነበር፤ ዛሬ ግን የጃፓን ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሆኗል።

ሌላው ሥራው ከተረትም ያለፈ ጥቅም ሰጥቷል። በ1896 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ የባሕር ማዕበል ተነሥቶ ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ኸርን ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሃማጉቺ ጻፈ። ይህ ሰው ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይቶ ማዕበል እንደሚመጣ ዐወቀ፤ የመንደሩን ሰው ለመጥራት ጊዜ ስላልነበረው በኰረብታው ላይ ያለውን የራሱን የሩዝ ክምር አቃጠለ። ሕዝቡ እሳቱን ሊያጠፋ ወደ ላይ ሲሮጥ ውሃው መንደሩን ጠርጎ ወሰደ፤ ሰዉ ግን ተረፈ። ሱናሚ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዘንድ የታወቀው በተለይ በዚህ ጽሑፍ ነው። እውነተኛው ሃማጉቺ ጎሪዮ ይህን ያደረገው በ1854 ሲሆን፥ እሳቱን ያነደደው በጨለማ መንገድ እንዲያሳይ ነበር፤ ከዚያም በገንዘቡ መንደሩን የሚከላከል ግድብ አሠራ። የኸርን ጽሑፍ ወደ ጃፓንኛ ተመልሶ ከ1937 ጀምሮ በትምህርት ቤት ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። በ2015ም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፥ ያ አደጋ የደረሰበትን ቀን በማሰብ ኖቬምበር 5ን የዓለም የሱናሚ ማስገንዘቢያ ቀን አደረገው።

የኸርን መጨረሻ ግን ያለ ሐዘን አልነበረም። በ1903 ዩኒቨርሲቲው እንደ ቀድሞው ውል ሊያኖረው ስላልፈለገ ተማሪዎቹ እየተቃወሙ ሥራውን ለቀቀ። በእሱ ስፍራ ከገቡት አንዱ ከለንደን ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው፥ በኋላ የጃፓን ታላቅ ደራሲ የሆነው ናትሱሜ ሶሴኪ ነው። ዜጋ ሆኖ ልጆቹን ለወለደላት አገር ይህ የሚያሳዝን ብድር ነበር፤ እሱ ግን ብዕሩን አላጠፋም። በ1904 በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ የጃፓንን ኅብረተሰብ በሰፊው የመረመረበትን የመጨረሻ መጽሐፉንም ጨረሰ። በዚህ መጽሐፍ የሚወደውን ሕዝብ ማመስገን ብቻ ሳይሆን፥ ማኅበሩ አንዱን ሰው እንዴት አጥብቆ እንደሚያስጨንቅም ሳይሸሽግ ጽፏል። መጽሐፉ ታትሞ ሳያየው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1904 በልብ ሕመም በ54 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱንና አራት ልጆቹን ትቶ፥ በቡዳ ሃይማኖት ሥርዓት በቶክዮ በዞሺጋያ መቃብር ተቀበረ። በማትሱኤ የኖረበት ቤት ዛሬም በክብር ተጠብቆ ይገኛል፤ በተወለደባት በሌፍካዳም በ2014 መታሰቢያ ሙዚየም ተከፍቶለታል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ ምን እንማራለን? ኸርን ጃፓንን በመጀመሪያ የወደዳት በውበቷ ነው፤ ይህ ለማንም መንገደኛ የሚሆን ነገር ነው። በኋላ ግን ውበቷ በቀነሰበት፥ ደመወዙ በተነካበት፥ ዐይኑ በደከመበት ጊዜም አልተዋትም። አገርን መውደድ ማለት የሕዝቡን ቃል ማዳመጥ መሆኑን በሥራው አሳየ።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእኛም መካከል ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት የሚሄዱ ይኖራሉ። የሄድንበትን አገር እንደ ኸርን በትሕትና እናዳምጥ። ከዚያ በፊት ግን በገዛ ቤታችን ያለውን እናስብ። የኩማሞቶ ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ተረት ሲንቁ አንድ የባዕድ አገር ሰው ሰብስቦ አቈየላቸው፤ ለእኛ ግን እንዲህ ያለ ሰው መምጣቱን ማን ያውቃል? መጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን ወይም ከጎረቤት ሽማግሌዎች ዘንድ ቀርበን አንድ አንድ ተረት በደብተራችን ብንጽፍ፥ የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ብዙ የሚያትመው ነገር ያገኛል።